ከአፕግሬድ ማግስት፦ ዳታቤዙ ለምን አላስገባም ይላል?

አርብ ማታ ሰርቨሩ ታድሷል። ሰኞ ጠዋት በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ባለጉዳይ ተሰልፏል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች። ባለጉዳዩ ለምን ብሎ አይጠይቅም። መብራት ሄዶ ይሁን፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ይሁን፣ ፓስወርድ እምቢ ብሎ ይሁን ለእሱ ያው ነው፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል። የሚያሳስበው፣ ብዙ ጊዜ ለቢሮው የአይሲቲ ባለሙያም ያው መሆኑ ነው። ሦስቱ ችግሮች በአንድ ስም ስለሚጠሩ በአንድ መድኃኒት ይታከማሉ፦ አጥፍቶ ማብራት። ካልሆነ ፓስወርድ መቀየር። እሱም ካልሆነ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አፕግሬድ ፓስወርድ አያጠፋም። ማንም ሳይጽፈው፣ ማንም ሳይጠይቀው ለዓመታት ሲሠራ የኖረን ልማድ ያጋልጣል። «አላስገባም» የሚለው መልስ ደግሞ በዚያን ዕለት ሊመጡ ከሚችሉት ክፉ ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ነው።

እዚህ አካባቢ የዳታቤዝ ሰርቨር ሲባል የግድ ቀዝቃዛ ክፍል፣ መደርደሪያና ጠባቂ አይታሰብ። ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠች፣ ከአንድ ዩፒኤስ ጋር የተያያዘች ማሽን ልትሆን ትችላለች። ፕሮግራሙን ከዓመታት በፊት አንድ የፖሊ ተማሪ፣ ማለትም የዛሬው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልጅ፣ የመመረቂያ ሥራው አድርጎ ጽፎት፣ ቢሮው ወዶት በዚያው ቀርቷል። የተጻፈው በፒኤችፒ ነው፤ ዳታው ማይኤስኪውኤል ውስጥ ነው፤ ልጁ አሁን አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ነው። ከዚህ ከፍ ሲል ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን የሚልኩበት፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ2 አለ፤ እሱ የቆመው በፖስትግሬስ ላይ ነው። የመንግሥት ፋይናንስ የሚሠራበት ኢፍሚስ ደግሞ የኦራክል ቤት ነው። አንዳንዱ ቢሮ የማይክሮሶፍቱን ኤስኪውኤል ሰርቨር ይዟል። አራቱም ሲታደሱ የሚያኮርፉበት ምክንያት የሚመሳሰለውን ያህል፣ የሚናገሩበት ቋንቋ ይለያያል።

ማደሱ ራሱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ብዙ የአገራችን ፕሮግራሞች የተሠሩበት ማይኤስኪውኤል 5.7 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ድጋፉ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት አምራች የለውም። «እየሠራ ያለን ነገር አትንካ» የሚለው የቢሮ ምክር በዚህ ጊዜ አይሠራም።

ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

ስህተቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣራው አንድ ነገር ነው፦ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል ወይስ መንገድ ላይ ቀርቷል? ማይኤስኪውኤል 2002 ወይም 2003 የሚል ቁጥር ከሰጠ አልደረሰም፤ ስለ ፓስወርድ ገና ማንም አላነሣም። 1045 ካለ ደርሷል፤ ሰርቨሩ ሰምቶ ነው እምቢ ያለው። 1130 ካለ ደግሞ ደርሰሃል፣ ነገር ግን አንተ ካለህበት ማሽን የሚመጣን ሰው አላውቅም ማለቱ ነው። በኦራክል በኩል 12541 ሊስነሩ፣ ማለትም ጥያቄ ተቀባዩ፣ አለመነሣቱን፣ 12514 ሊስነሩ ተነሥቶ የተጠራውን ዳታቤዝ አለማወቁን፣ 01017 የስም ወይም የፓስወርድ ስህተትን ይናገራል። እነዚህን ጥቂት ቁጥሮች ያላወቀ ባለሙያ የኔትወርክ ችግር በፓስወርድ ለመፍታት ሲታገል ያድራል። አይቻለሁ፤ ገመዱ የተነቀለ ማሽን ላይ ፓስወርድ ሲቀየር።

መልሱ የሚመጣበት ፍጥነትም ወሬ ነጋሪ ነው። ወዲያው «እምቢ» ካለ ማሽኑ አለ፣ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ግን የለም። ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ የቆመ ፋየርዎል አለ ወይም አድራሻው ተሳስቷል።

አፕግሬድ በተለይ የሚያመጣው አንድ የፖርት ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማይጠረጥረው ልቆይበት። ደብያንና ኡቡንቱ ላይ አዲስ ፖስትግሬስ ሲጫን አሮጌው አይወገድም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። 5432 የተባለው የተለመደ ፖርት በአሮጌው ስለተያዘ አዲሱ 5433ን ይወስዳል። ባለሙያው ዳታውን በእጁ ወደ አዲሱ ካሻገረ በኋላ ፖርቱን ካላቀያየረ፣ ፕሮግራሙ እንደ ለመደው 5432ን ያንኳኳል። አሮጌው ከተዘጋ ስህተት ይመጣል፤ ይህ መልካሙ ዕድል ነው። አሮጌው ካልተዘጋ ግን ስህተት የሚባል ነገር አይታይም። ሁሉም ይገባል፣ ሁሉም ይሠራል፣ የሳምንቱ ዳታ በሙሉ የሚጠራቀመው ተትቷል በተባለው አሮጌ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ይህን ሁለት ጎን የያዘ ዳታ መልሶ ማዋሐድ ከአፕግሬዱ የበለጠ ሥራ ነው።

ፖስትግሬስ ሲታደስ ሌላም አብሮት የማይሻገር ነገር አለው። ከየትኛው አድራሻ፣ ማን፣ በምን ዓይነት ማረጋገጫ ይግባ የሚለው ዝርዝር ፒጂ ኤችቢኤ በሚባል ፋይል ውስጥ ይጻፋል። አዲሱ ሲተከል የራሱን አዲስ ፋይል ይዞ ይመጣል፤ አድምጥ የተባለውም የራሱን ማሽን ብቻ ነው። አሮጌው ፋይል ላይ ለዓመታት አንድ በአንድ የተጨመሩት የቢሮ አድራሻዎች እዚያው አሮጌው ጋ ይቀራሉ። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሞክረው ባለሙያ «ይሠራል» ይላል፤ ከፎቅ ያለችው የሂሳብ ሠራተኛ «አይሠራም» ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መብራትን ሳያነሡ ስለ ባሕር ዳር ሰርቨር መጻፍ አይቻልም። 460 ሜጋ ዋት የተባለለት ጣና በለስ ውኃውን የሚቀዳው ከዚሁ ከጣና ነው፤ ሐይቁ ዳር ያለችው ከተማ ግን ሻማና ጄኔሬተር አታጣም። ይህ ከአፕግሬድ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ቀጥተኛ ነው። ከማይኤስኪውኤል 5.7 ወደ 8.0 የሚሻገር ሰርቨር መጀመሪያ በሥርዓት መዘጋት አለበት። ዋዜማው ላይ መብራት ሄዶ ድንገት ከወደቀ፣ አዲሱ ሲነሣ የአሮጌውን ያልተጠናቀቀ መዝገብ ያይና ከብልሽት በኋላ ማሻሻል አይቻልም ብሎ ሎጉ ላይ ጽፎ ይተኛል። ፕሮግራሙ ያለበት ማሽን ላይ የሚታየው ግን 2002 ወይም 2003 ብቻ ነው። መፍትሔው አሮጌውን 5.7 መልሶ ማስነሣት፣ ጉዳዩን እንዲጨርስ መተው፣ በሥርዓት መዝጋት፣ ከዚያ እንደ ገና መጀመር ነው። ሎጉን ያላነበበ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል?

ፓስወርዱ ያው፣ አጠያየቁ ሌላ

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቢሮ ውስጥ በብዛት የሚሰማው «ፓስወርዱን አፕግሬዱ ቀየረው» የሚለው ክስ ነው። አልቀየረውም። ሰርቨሩ ድሮም ፓስወርዱን አያውቀውም። የሚያስቀምጠው ከፓስወርዱ በሒሳብ የተጨመቀ አሻራ ነው፤ ከአሻራው ተነሥቶ ወደ ቃሉ መመለስ እንዳይቻል ሆኖ የተሠራ። ደንበኛው፣ ማለትም ልግባ የሚለው ፕሮግራም፣ ሲመጣ ሁለቱ በተስማሙበት ሒሳብ አሻራ ያመሳክራሉ። አፕግሬድ የሚቀይረው ይህን ሒሳብ ነው። ሰርቨሩ አዲሱን ሒሳብ ሲጠይቅ አሮጌው ደንበኛ አያውቀውም፤ ወይም ደንበኛው አዲሱን ይዞ ሲመጣ ሰርቨሩ ዘንድ ያለው አሻራ በአሮጌው የተጨመቀ ነው። አሮጌውን አሻራ ወደ አዲስ መለወጥ አይቻልም፤ ምክንያቱም ዋናው ቃል የትም የለም። ባለቤቱ ፓስወርዱን እንደ ገና ማስገባት አለበት፤ ያንኑ ቃል ቢሆንም።

ይህ ድንገተኛ ክስተት እንዳይመስለን፣ ማይኤስኪውኤል ተመሳሳይ ነገር ከ20 ዓመት በፊት አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው 4.1 አጭሩን የ16 ፊደል አሻራ ትቶ ረዘም ያለ ሲያመጣ፣ የዓለም ፒኤችፒ ሁሉ 1251 የሚል ቁጥር እያሳየ ቆመ። በ2018 የወጣው 8.0 ነባሩን አሠራር ትቶ ካሺንግ ሻ2 የተባለውን መደበኛ አደረገ፤ ከ7.4 በፊት የነበረው ፒኤችፒ ስለማያውቀው «የተጠየቅሁትን ማረጋገጫ አላውቅም» ብሎ ተመለሰ። በኤፕሪል 2024 የወጣው 8.4 አሮጌውን ከፋብሪካው ዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ያው ዓመት በጁላይ የወጣው 9.0 ጨርሶ አውጥቶታል። ፖስትግሬስ ከኤምዲ5 ወደ ስክራም የተሻገረው ረጋ ብሎ ነው፤ በ2017 ከ10ኛው እትም ጋር አስተዋወቀው፣ በ2021 ከ14ኛው ጋር መደበኛ አደረገው። የአራት ዓመት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ አሁንም ቢሆን የጃቫ ፕሮግራም ያለው ቢሮ «ዓይነት 10 ማረጋገጫ አይደገፍም» የሚል መልስ ሲያይ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ፓስወርድ መቀየር ሳይሆን ያረጀውን የጄዲቢሲ ድራይቨር መተካት ነው፤ የአንድ ፋይል ጉዳይ።

ኦራክል ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም አሻራዎቹ በየዘመናቸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከ11ጂ በፊት ፓስወርድ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል አይለይም ነበር። በ10ጂ ዘመን የተከፈተና ከዚያ ወዲህ ፓስወርዱ ያልተነካ ተጠቃሚ የድሮው አሻራ ብቻ ነው ያለው። ሰርቨሩ ወደ 12.2 ወይም ከዚያ በላይ ሲሄድ የድሮውን በነባሪው አይቀበልም፤ ሰውየው ትክክለኛውን ፓስወርድ እያስገባ 01017 ይባላል። የድሮ ደንበኛ ከሆነ የሚመጣው ደግሞ 28040 ነው። ከማደስ በፊት የትኛው ተጠቃሚ የድሮውን አሻራ ብቻ እንደያዘ በአንድ መጠይቅ ማየት ይቻላል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይሠራ ይታደርና ሰኞ ይለቀሳል።

ከሁሉም ጉዳዮች ይበልጥ ለእኛ ከተማ የተጻፈ የሚመስለኝ ግን የካሺንግ ሻ2 ጠባይ ነው። ይህ አሠራር አንድ ጊዜ በሙሉ ሥርዓት ያረጋገጠውን ተጠቃሚ በማስታወሻው ይይዛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በአቋራጭ ያሳልፈዋል። ሙሉውን ሥርዓት ለመፈጸም ግን የተመሰጠረ መስመር ወይም የሰርቨሩ የአደባባይ ቁልፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ ባለሙያው ሰርቨሩ ላይ ሆኖ በተመሰጠረው መስመር አንድ ጊዜ በዚያው ስም ይገባል፤ ማስታወሻው ይሞላል፤ ያልተመሰጠረ መስመር የሚጠቀመው ፕሮግራምም በአቋራጩ ይገባል። «ተስተካከለ» ተብሎ ይፈረማል። ረቡዕ መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይደክማል፣ ሰርቨሩ ወድቆ ይነሣል። ማስታወሻው የነበረው ሚሞሪ ላይ ነውና ባዶ ሆኗል። ፕሮግራሙ አሁን ሙሉውን ሥርዓት ይጠየቃል፣ አይችልም፣ 2061 ይላል፤ ጃቫ ከሆነ የአደባባይ ቁልፉን መቀበል አልተፈቀደልኝም ይላል። ባለሙያው ይመጣና ለማጣራት እንደ ገና ራሱ ይገባል፤ ወዲያው ለሁሉም ይሠራል። «እኔ ስመጣ ይሠራል» ማለት ይጀምራል። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ስህተት ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ እዚህ ሳምንትም አይሞላው።

ማን ነህ ብቻ ሳይሆን ከየት መጣህ

ማይኤስኪውኤል ሰውን በስሙ ብቻ አያውቅም፤ ስሙንና የመጣበትን ማሽን አጣምሮ ነው። አንድ ስም ከሁለት አድራሻ ሲመጣ ሁለት ሰው ነው፤ ሁለት ፓስወርድም ሊኖረው ይችላል። ሰርቨሩ ሲታደስ ወደ አዲስ ማሽን ከተዛወረ፣ ወይም ቢሮው ራውተር ቀይሮ አድራሻዎች ከተሸጋሸጉ፣ ትክክለኛው ፓስወርድም 1045 ሊመልስ ይችላል። በዚያ መልእክት ውስጥ ማንም የማያነበው ቦታ አለ፤ ከ«አት» ምልክቱ ቀጥሎ የተጻፈው አድራሻ። ሰርቨሩ ከየት የመጣህ መስሎት እንደተናገረህ እዚያ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ ያለው «ፓስወርድ ተጠቅሟል፦ የለም» የሚለውም እንዲሁ፤ ፕሮግራሙ ጭራሽ ፓስወርድ ሳይልክ መምጣቱን ይናገራል፤ ማለትም የቅንብር ፋይሉን አላገኘውም።

ዳታው ሄዶ ሰዎቹ የሚቀሩበት ጊዜም አለ። ፖስትግሬስ ላይ አንድን ዳታቤዝ ብቻ በፒጂ ደምፕ ገልብጦ ወደ አዲስ ሰርቨር መውሰድ ሠንጠረዦቹን ያመጣል፤ ተጠቃሚዎቹንና ፓስወርዳቸውን አያመጣም፤ እነሱ የሚመጡት ሁሉንም በሚገለብጠው በፒጂ ደምፕ ኦል ነው። የማይክሮሶፍቱ ሰርቨር ላይ ባክአፕ ሌላ ማሽን ላይ ሲመለስ፣ ስሙ ዳታቤዙ ውስጥ ይታያል፤ ከሰርቨሩ መግቢያ ጋር የሚያገናኘው የውስጥ መለያ ቁጥር ግን አይገጥምም። ስሙ አለ፣ ሰውየው ወላጅ አልባ ነው። እዚያው ሰርቨር ላይ 18456 የሚባለው ስህተት ደንበኛው ዘንድ ሆን ተብሎ ምክንያቱን ይደብቃል፤ ሰብሮ ለሚገባ ሰው ፍንጭ ላለመስጠት። ምክንያቱ የተጻፈው በሰርቨሩ ሎግ ላይ ነው፦ ደረጃ 5 ስሙ የለም፣ ደረጃ 8 ፓስወርዱ ተሳስቷል፣ ደረጃ 58 ሰርቨሩ የዊንዶውስ መግቢያ ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ተጭኗል። የመጨረሻው አዲስ ጭነት ላይ ነባሪው ስለሆነ ሁልጊዜ ይረሳል።

ፓስወርዱ ራሱ የት የት እንደተጻፈ የሚያውቅ ሰውም ብርቅ ነው። ዲኤችአይኤስ2 የተጫነበት ማሽን ላይ ዲኤችአይኤስ ዶት ኮንፍ የተባለ ፋይል ውስጥ አድራሻው፣ ስሙና ፓስወርዱ በሦስት መስመር ተቀምጠዋል፤ ይህ ግልጽ ነው። የማይታዩት ሌሊት ባክአፕ የሚወስደው ስክሪፕት፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ዊንዶውስ ላይ ከዓመታት በፊት የተሠራው የኦዲቢሲ ግንኙነት፣ ኤክሴል ውስጥ የተቀበረው ሪፖርት ናቸው። ኦራክል ላይ ይህ ወደ አደጋ ይለወጣል። ፓስወርዱ ተቀይሮ አንድ የተረሳ ፕሮግራም በአሮጌው መሞከሩን ከቀጠለ፣ በነባሪው ደንብ ከ10 ሙከራ በኋላ ሒሳቡ ይቆለፋል፤ 28000። አዲሱን በትክክል የሚያስገባው ሰው የተቆለፈው በሌላው ጥፋት ነው። ይከፈትለታል፣ ከአፍታ በኋላ እንደ ገና ይቆለፋል። ከ11ጂ ወዲህ ደግሞ የነባሪው ፓስወርድ ዕድሜ 180 ቀን ነው፤ አፕግሬዱ በሰላም አልፎ፣ ምስጋናም ተከፋፍሎ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ሁሉም ይቆማል። ያኔ አፕግሬዱን የሚጠረጥር የለም።

ፊደል

የአገራችን ቢሮ ብቻ የሚያውቃቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ለመናገር የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ሥራ ካቆሙ ሦስት ቀን የሆናቸው የሒሳብ ኃላፊ ባለሙያውን ያስጠራሉ።

«ልጄ፣ አርብ የገባሁበት ፓስወርድ ነው። አልረሳሁትም።»

«አይረሱትም እትዬ። እስቲ ከላይ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ላይ ይጻፉልኝ።»

ይጽፋሉ። ሳጥኑ ላይ የግዕዝ ፊደል ይደረደራል።

«ውይ! ለካ ደብዳቤ ስጽፍ ቆይቼ ነው። ነጠብጣብ ብቻ ሲያሳየኝ ምን አውቄ።»

የፓስወርድ ሳጥን ነጠብጣብ እንጂ ፊደል ስለማያሳይ፣ ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ተከፍቶ መቅረቱ አይታወቅም። ከአፕግሬድ ማግስት ደግሞ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ሰርቨሩ ላይ ለማሳበብ ስለሚቸኩል፣ ይህ ምክንያት የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጠለቅ ይላል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩቲኤፍ 8 ላይ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ብዙ የድሮ ፕሮግራሞች ግን ዳታቤዛቸው ላቲን 1 ተብሎ እንደተከፈተ ኖረዋል፤ አማርኛውም በአጋጣሚ ሲሠራ ኖሯል። ማይኤስኪውኤል 8.0 ነባሪውን ወደ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 አዛወረ። ሰርቨሩ ደንበኛውን ሲቀበል በመጀመሪያው ሰላምታ የፊደል ሥርዓቱን ቁጥር ይናገራል፤ አዲሱ ቁጥር 255 ነው። ያረጀ ፒኤችፒ 255ን ስለማያውቀው፣ ገና ፓስወርድ ሳይጠየቅ ሰላምታው ላይ ይሸሻል። የግንኙነት ስህተት የመሰለው ነገር የፊደል ጉዳይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ደንበኛው ካለፈም፣ የባለጉዳዮች ስም በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ማንም አንድ ፊደል ሳይጽፍበት ማቆም ነው። በጥያቄ ምልክት ላይ የተጻፈ ስም አይመለስም።

የሌሊት መፍትሔዎች

ሌሊቱ ሲገፋ ሰው ደፋር ይሆናል። ፖስትግሬስ ላይ ማረጋገጫውን «እመን» በሚለው ይተካዋል፤ ሰርቨሩ የመጣውን ሁሉ ያለ ፓስወርድ ያስገባል። ማይኤስኪውኤል ላይ የፈቃድ ሠንጠረዦቹን ዝለል ብሎ ያስነሣዋል፤ አምራቾቹ ይህን ልማድ ስለሚያውቁ 8.0 በዚህ መንገድ ሲነሣ ራሱ ከኔትወርክ እንዲገለል አድርገውታል። ወይም ለአንዱ ተጠቃሚ ሁሉንም ፈቃድ ከየትኛውም አድራሻ ይሰጠዋል። «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ነው የሚደረገው፤ ሰኞ ሲሠራ ግን ማን መልሶ ይነካዋል? እነዚህ ትእዛዞች መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ሰርቨሩን ከኔትወርክ ለይቶ ለአሥር ደቂቃ መጠቀም ይቻላል። ችግሩ አሥሩ ደቂቃ ዓመት መሆኑ ነው።

«አላስገባም» ቀላሉ ክፉ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ተቃራኒውን አገሩ በሙሉ አይቶታል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ኋላ በሰጠው መግለጫ የወጣው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ፣ ግብይቱም 490 ሺህ ገደማ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ችግሩን ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር አያያዘው፤ ባንኩም የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ተናገረ። ጉዳዩ የፓስወርድ አልነበረም፤ ከማሻሻያ ሥራ በኋላ ሲስተም ሁለት ዓይነት ስህተት ሊያሳይ እንደሚችል ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። አንዱ መከልከል ያለበትን ማስገባት፣ ሌላው መግባት ያለበትን መከልከል። በሁለተኛው ሰው ይነጫነጫል። በመጀመሪያው ገንዘብ ይሄዳል፣ ስም ዝርዝር በየግቢው ይለጠፋል። ለቢሮ ኃላፊዎች ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ሌሊት የተከፈተ በር ከእንግዲህ የአይሲቲ ክፍል የግል ጉዳይ አይደለም።

መመለሻው መንገድም ቀድሞ መታወቅ አለበት። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ወደ 5.7 መውረድ የሚባል ነገር አይደገፍም፤ መመለሻው ባክአፕ ብቻ ነው። ፖስትግሬስን ፋይሎቹን በማገናኘት ዘዴ ያደሰ ሰው አዲሱን አንድ ጊዜ ካስነሣ በኋላ አሮጌውን በደኅና ማስነሣት አይችልም። ኢንተርኔት ላይ መተማመንም አያዋጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ፓኬጅ በስልኩ ሆትስፖት ማውረድ የለመደ ሁሉ ባዶ እጁን ቀርቷል። አሮጌውም አዲሱም ድራይቨሩም ከመጀመሩ በፊት ፍላሽ ላይ መገኘት አለባቸው።

ሎግ ሲነበብ ሰዓቱም ያደናግራል። ባለሙያው በደብተሩ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አስነሣሁት» ብሎ ይጽፋል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ያው ቅጽበት ሐሙስ 23፡00 ነው። ከሌሊቱ 8 ላይ የሆነውን በ08፡00 መስመር የፈለገ፣ ሰው ሁሉ ቢሮ ገብቶ ሲሞክር የነበረውን ነው የሚያገኘው፤ የመጀመሪያው ስህተት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አልፏል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዙር አለ። 5.7ን ትተው ወደ 8.0 የተሻገሩት ቢሮዎች፣ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች እንዲገቡላቸው አብዛኛውን ተጠቃሚ በነባሩ የማረጋገጫ ዘዴ አስቀምጠውታል። የ8.0 ድጋፍ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2026 ነው። ቀጣዩ ማረፊያ 8.4 ሲሆን፣ እሱ ላይ ያ ነባር ዘዴ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። የትኛው ተጠቃሚ በየትኛው ዘዴ እንደሚገባ የሚያሳየው መጠይቅ አንድ መስመር ነው፤ ከሥር ያለውን ፕሮግራም የጻፈውን ልጅ ስልክ መፈለጉ ግን ጊዜ ይወስዳል።